በአንድ ውሃ የታጠበ ቲማቲም

ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ በሄድሽበት ሁሉ ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች። እኔን ያንገበገበኝ አጎትሽ ነው።

ቲማቲሙ እንዳይሻግት በስልክ የነገርሽንን ታስታውሻለሽ? የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ጣሉ፣ ንጹህ ውሃ ላይ በረኪና በልኩ ጠብ አድርጋችሁ እጠቡ፣ ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩ፣ ሳይደርቅ እንዳትደረድሩት ብለሽ ነበር። ወንድሜ ሆዬ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ በርሜል ውሃ ሙጭጭ አለ! ጭቃ መስሎ እያየሁት «ኧረ ድፋው!» ስለው፣ «በረኪና ያለበት ውሃ ምን ይሆናል? ሽታው እኮ አለ» ይለኛል። የበሰበሰውንም ጤነኛውንም እዚያው ነከረና ውሃው እየተንጠባጠበ ሳጥን ውስጥ አጨቀው። ከቀናት በኋላ መጋዘኑን ስንከፍት ሻጋታው ጥጥ መስሎ ጠበቀን። ይሄ ሳያንስ ለገበያተኛው ሁሉ «የልጅቷ መድኃኒት ጉድ ሠራኝ» እያለ ያወራል! ስምሽን ሲያነሳ ደሜ ፈላ። እኔ ለብቻዬ ውሃ እየቀየርኩ አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ የደረደርኩትን ሳጥን አምጥቼ ፊቱ ከፈትኩት። አንድም የተበላሸ የለበትም። ይቅርታ የምትባል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም።

አንቺም ብትሆኚ አስቀይመሽኛል። ያን ቀን ስለ ቲማቲም ስታስረጂኝ ቆይተሽ፣ እየሳልሽ ስልኩን ዘጋሽው። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ስትደውዪ ግን እባክሽ ከሳልሽ ጀምሪልኝ፤ እኔ የወለድኩት አንቺን እንጂ ቲማቲም አይደለም።

እናትሽ