የባሕር አሳማ ዓሣ ነው

ዲየፕ፣ በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰኞ፣ 1554

ለልጄ ለኢዛቦ፣

እንደምን አለሽልኝ? አራቱን ደብዳቤዎቼን ሳትከፍቺ መልሰሽልኛል። ይህንን በሰም ሳላትመው ልኬዋለሁ። ስትቀበዪው ከተዘረጋ ዓይንሽ አንድ መስመር ላይ እንኳ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ ደኅና አይደለሁም። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ምግብም አይወርድልኝም። ሠራተኛዋ የዓሣ ሽታ መረረኝ ብላ ሄዳለች። እውነቷን ነው፤ ሐኪም አባትሽ ውስጡን ለማወቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ የሰነጠቀበት ቤት በአንድ መጥረጊያ አይጠራም።

አምና በጾሙ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ሌላ የምናገረው የለኝም። ባልሽ ሮቢን ያችን ዶልፊን የምትመስል ትልቅ የባሕር አሳማ ይዞ ሲገባ፣ ከመሸጧ በፊት ሆዷን ልይ ብዬ ለመንኩት። የአማቱን ነገር እንዴት እንቢ ይበል? በገበያው ድንጋይ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከፈትኳት። ማኅፀኗ ውስጥ ግልገል ከነእትብቱ ተኝቷል። ጡቷን ስጫነው ወተት ወጣ። እኔም ቢላዬን ከፍ አድርጌ፣ ይህ እንስሳ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል፤ እንግዲህ ሥጋ እንጂ ዓሣ አይደለም አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቄሱ በሰው ፊት የተባለውን አልሰማሁም ሊሉ አልቻሉም፤ በጾም የተፈቀደው ዓሣ ነው፣ ሥጋ ከሆነማ አይበላም ብለው ከለከሉ። የአካባቢው ጀልባዎች ሁሉ በጾም የሚኖሩት የባሕር አሳማ ሸጠው ነበር። የሮቢን ጀልባ ለዳርቻ እንጂ ለጥልቁ የተሠራች አልነበረችም። እሱ ግን የጾሙ ገቢ ስለቀረበት በኅዳር ወደ ሰሜን፣ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ወጣ፤ አልተመለሰም። አንቺም ወደ እናቱ ዘንድ ወደ ሳን ቫለሪ ሄድሽ። ልጅ መውለድሽን የሰማሁት ከጨው ነጋዴ ነው።

በአማትሽ በኩል የላክሽው ቃል ደርሶኛል፦ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ተሳስቻለሁ ይበል፤ ያን ጊዜ የልጅ ልጁን ያያል።» ሰባት ሳምንት እንቢ አልኩ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ።

ትናንት ግን አልኩት። ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ፣ «ተሳስቻለሁ፤ የባሕር አሳማ ዓሣ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። በሕይወቴ አውቄ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደጅ ስወጣ ሽማግሌው ማሄ፣ መረብ የሚጠግነው፣ ተከተለኝ።

«ሐኪም፣ እግዜር ይስጥልን» አለኝ።

ተናደድኩ። «ስለዋሸሁ ነው የምታመሰግነኝ?» አልኩት።

«እሱንማ አጥቼው ነው? ግልገሏን ስታጠባ ከልጅነቴ ጀምሬ አይቻታለሁ። አባቴም አይቷል። ቄሱም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው፣ ያውቃሉ። ሮቢንም ያውቅ ነበር። አርባ ቀን በጎመን ብቻ አይገፋማ፣ ጌታዬ። እንደማይነገር ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እስከ ትናንት ድረስ አንዲት መጽናኛ ነበረችኝ፤ ሮቢን የሞተው እኔ ላገኘሁት እውነት ነው እል ነበር። ለካ ያገኘሁት ነገር የለም። ሁሉም የሚያውቀውን በአደባባይ ጮኼ፣ ባልሽን ባሕር ውስጥ ጨመርኩት። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

የጠየቅሽውን ፈጽሜያለሁና ሐሙስ እመጣለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምም፤ ልጁን በመስኮት አሳዪኝ፣ እመለሳለሁ።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። የዚያን ቀን ደም መቀበያውን ገበቴ ይዘሽ አጠገቤ የቆምሽው አንቺ ነበርሽ። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነሽ፤ አንቺም ታውቂ ነበር። እጅጌዬን ብትጎትቺኝ ዝም እል ነበር። ለምን አልጎተትሽኝም ብዬ አልጠይቅሽም። «እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ ስለማላውቅ ነው» እንዳትዪኝ እፈራለሁ።

ሕፃኑን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ባሕሩንም ያርቅለት።

አባትሽ
አንሴልም ሌ ጉፒል