ታቦቱን የነካው እጅ

በሰው አገር ያለሽዋ ልጄ ህሊና፣ መድኃኔዓለም ከክፉ ይከልልሽ። እኛ ተርፈናል። የጎረቤታችን የመሪማ ቤት ግን በከባድ መሣሪያ ፈርሶ እኛ ጋ ናት።

ያጠመቁሽ ቄስ ጥላዬ በነሐሴ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወደ ዋሻው ሲያሸሹ ጥይት ጭናቸውን በሳው። ወደቁ፤ ታቦቱም ደረታቸው ላይ አረፈ። ደማቸው መጎናጸፊያውን አራሰው። ጥይቱ እየዘነበ፣ እሳቸው እየጮኹ፣ ካህን ያልሆነ ቢነካው ይቀሰፋል ብለን ቆመን አየን። አፈር በበላን! አባትሽ ብቻ ታቦቱን አንስተው ድንጋይ ላይ አኖሩና ቄሱን አዝለው ሮጡ። ታቦቱን ኋላ ሌላ ካህን መጥተው ወሰዱት።

ቄሱ ድነዋል። አባትሽ ግን መቅሰፍት እየጠበቁ ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻቸው ይበላሉ። ቄሱ በምርኩዝ መጥተው «ጽላት ማለት የእግዜር ትእዛዝ ነው፤ አትግደል ይላል። ፈርተህ ጥለኸኝ ብትሄድ ነበር ትእዛዙን የምትሽረው» ቢሏቸውም አልሰሙ።

ስልክ ሲለቀቅ ደውይና «አባዬ፣ በዚያ እጅዎ ይመርቁኝ» በያቸው። አንቺን እንቢ አይሉም። እኔማ መርቄሻለሁ፤ ለምልሚ፣ እንደ ወጣሽ አትቅሪ። ያንን ጨርቅ ግን ልፈታው ብል አቃተኝ፤ አንቺ ፍቺልኝ።

እናትሽ በላይነሽ፣ ከመርሳ