ምን አማራት?

ሰኞ

ዛሬም አልበላችም። የእህቴ ልጅ ሰሚራ ኮሮና ከያዛት ስድስተኛ ቀኗ ነው። ጓሮ ባለው ክፍል ለብቻዋ ተኝታለች፤ እኔ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ። ሾርባ፣ አጥሚት፣ እንቁላል። ሁሉም እንደሄደ ይመለሳል።

እህቴ ከአገር ቤት፣ ከቡታጅራ ደወለች። የትኩሳቱን ነገር አትጠይቅም። «ምን አማራት?» ብቻ። በእኛ አገር በሽተኛ የሚለካው በዚህ ነው። ራበኝ የሆድ ጉዳይ ነው፤ አማረኝ ካለ ግን ነፍሱ ወደ ዓለም ዞራለች፣ ተርፏል ማለት ነው።

እኔ ቀጣፊው «ቡላ አማራት» አልኳት። እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር።

ማክሰኞ

እህቴ፣ «ቡላውን አገኘህላት?»
«ሜይፌር ሰፈር ያሉትን የሐበሻ ሱቆች እያሰስኩ ነው።» ውሸት ውሸትን ይወልዳል።

ሰሚራ የጠጣችውን ውሃ እንኳ አስመለሰች። መስኮቷ ሥር ቆሜ እንደ አስተናጋጅ ጠራሁላት፤ ክትፎ፣ ዱለት፣ ጥብስ በአጥንቱ...
«አጎቴ፣ በአላህ ሂድልኝ! ሁሉም ካርቶን ካርቶን ይላል።»
ሳቅኩ። ኩሽና ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም።

ረቡዕ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ወሰደች። በቃ፣ የዛሬው ድል ይኼ ነው። ሐኪሙ በስልክ፣ «እስከ ነገ ካልበላች ሆስፒታል ትግባ» አለ። ሆስፒታሉ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ይተኛል ይላሉ። የእህቴን ስልክ አላነሳሁም።

ሐሙስ

ልብሷን በቦርሳ አድርጌ መኪና ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ከጓሮ ነው።
«አጎቴ... አቻር አማረኝ።»

አቻር! ያ በዘይትና በሚጥሚጣ የሚዋኝ የማንጎ ኮምጣጣ! ስትበላ ባየሁ ቁጥር «የሞተር ዘይት» እያልኩ የማሾፍበት። እየሮጥኩ ጥግ ያለው ሱቅ ደረስኩ። ባለሱቋ አሮጊት ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት «አቻር!» ስላት፣ «መጀመሪያ ማስክህን» አለችኝ። ግንባሬ ላይ ነበር።

በሦስት ቁራጭ ዳቦ አምሮቷን ተወጣች። እስካሁን ሆዷ ውስጥ ነው። ሐኪሙም «እንግዲያው ቤት ትቆይ» አለ።

ለእህቴ ደውዬ ተናዘዝኩ። «የቡላው ነገር ውሸት ነበር።»
«አውቄያለሁ፤ ልጄ ቡላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትወድም።»
«ታዲያ ያ ሁሉ እልልታ?»
«ድምፅህ ፈርቶ ነበራ።»

ሰው ሳሞኝ የኖርኩት ሰውዬ ለካ የተሞኘሁት እኔው ነበርኩ። ደግነቱ ከጓሮ ተጠራሁ፤ ዳቦ ጨምር ትላለች።