ስለ አራቱ ሮቦቶች ለእታለም ዙለይሃ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለዙለይሃ፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሐይቅ እስከ ሻርጃ ያለውን ምድርና ባሕር የሚያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱስ ጀመራችሁ? ሱቁን ማጽዳቱ ቀለል ብሎልሽ እንደሆን እማ ደጋግማ ትጠይቃለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማን ጉልበት በዚህ በበልጉ ዝናብ ያዝ ያደርጋታል እንጂ ሶላቷን ቆማ ትሰግዳለች። ባለቤቴ ራህማም ደህና ናት። ሁዳዴ ስለሆነ ዓሣ ተፈላጊ ነው፤ ከሥራ ጓደኛዬ ከእንዳለ ጋር ጠዋት በእስጢፋኖስ በኩል የወጣውን ቆሮሶ ዓሣ ረፋድ ሳይሆን ሸጠን እንጨርሳለን።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። በስልክ ግን ዋሽቼሻለሁና ድምፄን እኔው ራሴ አላምነውም። እታለም፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቅደጂው።

በጥር ሙጂባ ከሻርጃ ለእረፍት ስትመጣ በእጇ የላክሻቸው አራቱ የሮቦት መጫወቻዎች እንደታሸጉ ነው የደረሱኝ። አንድም ሣጥን አልተነካም ነበር። የቀደድኳቸው እኔ ነኝ።

እንዳስቀምጥልሽ እንጂ እንዳልከፍታቸው አስጠንቅቀሽኝ ነበር። እማ ልጅ ሳለች ይሸጥ የነበረውን ሮቦት ፋብሪካው በዚያው በጥንቱ መልክ እንደገና እየሠራ እንደሚያወጣው፣ ሱቃችሁ መጀመሪያ በውድ እንደሚሸጠው፣ ወራት ሲያልፉ ቅናሽ እንደሚለጠፍበት፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰብሳቢዎች እጥፍ ከፍለው እንደሚፈልጉት፣ ይህም ሣጥኑ ካልተነካ ብቻ እንደሆነ በድምፅ መልእክት አስረድተሽኛል። እንደ አንተ ዓሣ ነው፣ በፍስክ ይረክሳል፣ በጾም ይወደዳል ስትዪኝ ስቄ ነበር። ሳቅሁ እንጂ አላመንኩሽም።

ትልቅ ሰው፣ ያውም የሰው ወለል ስትወለውል የምትውል ሴት፣ ለቆርቆሮ መጫወቻ ድርሃሟን ታወጣለች ብዬ ማሰብ አቃተኝ። ውስጡ ወርቅ ደብቃ ነው፣ እኔን ወንድሟን ግን አላመነችኝም አልኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከገዛ ልቤ ነው የወጣው። ራህማ ገበያ፣ እማ ጎረቤት በሄዱበት ቀን በሩን ቀርቅሬ ሣጥኖቹን በምላጭ ቀደድኳቸው። ሮቦቶቹን አንድ በአንድ ነቀነቅኋቸው። የሚንኳኳ ነገር የሰማሁ ስለመሰለኝ የሦስቱን ጀርባ በመፍቻ ፈታሁ፤ ሽቦና ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር እንጂ ሌላ የለም። የአራተኛው፣ የቀዩ፣ ብሎን እንቢ ሲለኝ በጉልበት ስጠመዝዘው ቀኝ ክንዱ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ።

በየሣጥኑ ላይ በላስቲክ ያሰርሻትን ቁራጭ ወረቀት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መቶ አርባ፣ መቶ አሥር፣ ሰማንያ አምስት፤ ዋጋው የወረደበትን ቀን ሁሉ ጽፈሽዋል። አንዱን ለመግዛት ሰባት ወር ጠብቀሻል። ቀዩን ግን በወጣበት ዕለት በሙሉ ዋጋው ነው የገዛሽው፤ ከሥሩም "ይህን አልሸጠውም" ብለሽ ጽፈሻል። እኔ የሰበርኩት እሱን ነው።

ያኔውኑ ብነግርሽ ኖሮ ጥፋቴ የዕቃ ጥፋት ብቻ ይሆን ነበር። ስትደውዪ ግን ተቀደው ነው የደረሱኝ አልኩሽ። ሙጂባ ከፍታቸው ይሆን ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝም፣ "እኔ ምን አውቄ፤ ከእጇ የተቀበልኩት እንዲህ ሆኖ ነው" አልኩ። ስሟን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። አንቺ ተናደሽ አብረውሽ ለሚኖሩት ለሐይቅ ልጆች ነገርሻቸው፤ እነሱም ስትመለስ የምታርፍበትን አልጋ ከለከሏት። እዚህም የሰው ዕቃ ትፈታለች ተባለች። አንድ ቀን ዓሣ ወደምንሸጥበት መጣችና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሙንተሲር፣ ሣጥኖቹን ሳስረክብህ ተቀደው ነበር?" አለችኝ። ቢላዋዬ ላይ አቀርቅሬ፣ "ልብ አላልኩም" አልኳት። ትታኝ ሄደች። ያን ዕለት ከእኔ ዓሣ የገዛ ሁሉ አዘነልኝ።

ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልናፈጥር ተቀምጠን እማ እጇን ዘርግታ ዱዓ ያዘች። ለአንቺ ጤናና ዕድሜ ከለመነች በኋላ፣ "ልጄ በላቧ የገዛችውን ያበላሸውን እጅ፣ ያ አላህ፣ ሳታሳፍረው አትለፈው" አለች። ራህማ አሚን አለች። እኔም አሚን አልኩ። ጾመኛ ሊያፈጥር ሲል የሚያደርገው ዱዓ አይመለስም እያለች ያሳደገችን እሷው ናት። አዛን ሲል ያነሣሁትን ቴምር ሳልቀምሰው ሰሃኑ ላይ መለስኩት። "እማ፣ እጁ የእኔ ነው" አልኳት። የያዘችውን ውሃ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ዛሬ በስሜ አልጠራችኝም፤ "አንተ" ነው የምትለኝ።

በማግሥቱ ሮቦቶቹን በፌስታል ይዤ ሙጂባ ቤት ሄድኩ። እናቷ እማማ አሚናት ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አውፍ በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ከለከሉኝ። "ልጄን በአደባባይ አዋርደህ በጓሮ በኩል አውፍ በሉኝ ትላለህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ዳር ሄጄ፣ ገዢው እስኪሰበሰብ ጠብቄ፣ ሣጥኖቹን የቀደድኩት እኔ እንደሆንኩና ሙጂባ በነገሩ እንደሌለችበት ተናገርኩ። አንዲት ሴትዮ ያነሣችውን ዓሣ መልሳ አስቀመጠችው። እንዳለ መረቡን እያፍታታ ቀና ብሎም አላየኝም። ስንለያይ ብቻ፣ እሱም ቤቱ ገብቶ ሙጂባን አምቷት እንደነበር ነገረኝ።

ለአንቺ በእጄ እንድጽፍ ያዘዘችኝ ሙጂባ ናት። ቅዳሜ ትነሣለች፤ ደብዳቤውን ራሷ ታደርስልሻለች። እባክሽ ለልጆቹ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸውና አልጋዋን ይመልሱላት። የሦስቱ ሮቦቶች ዋጋ ዛሬ የደረሰበትን ንገሪኝ፣ ከዓሣው እያጠራቀምኩ እተካለሁ። የቀዩን ዋጋ ልጠይቅሽ ግን አፈርኩ። ክንዱን ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ደግሜ ልነካው አልደፈርኩም፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ለእማ ሰጠኋት። አውፍ በይኝም ገና አልልሽም፤ የሙጂባ ሀቅ ይቅደም።

እማ፣ ዱዓዬ አይለይሽ፣ ወገብሽንም በሙቅ ጨርቅ አስሪው ትልሻለች። ራህማ ናፍቃሻለች። እንዳለ ከነቤተሰቡ ሰላም ይልሻል። እማማ አሚናት፣ ዙለይሃ የነገሯትን ነው የሰማችው፣ በእሷ አልቀየምም ብለውሻል። ሙጂባንም ሰላምታሽን ልጻፍላት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "ካሁን በኋላ በእኔ ነገር ላይ ምንም አትናገር" አለችኝ። ስለዚህ የእሷን ሰላምታ አልጻፍኩም።

ወንድምሽ ሙንተሲር
ሐይቅ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.