የወልዴን ለቅሶ ገበያ ነው ብሎ ለገመተው ቢሮ

ለተከበራችሁ የንብረት ግምት ቢሮ ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ የዳላስ ሐምሌ ኤርኮንዲሽናችሁ ሳይበላሽ፣ ጤናችሁም ሳይጓደል እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ፣ ታክሲ እየነዳሁ የገዛኋት አራት ሱቆች ያሏት አሮጌ ሕንፃ ባለቤት ጥዑመልሳን ነኝ። ሁለቱ ሱቆች ባዶ ሆነው ሳለ የሕንፃዋን ግምት በ1994 በእጥፍ ስላሳደጋችሁልኝ፣ እኔ እንኳ ያላየሁትን ሀብቴን ስላያችሁልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንደኛ፦ ገማቻችሁ በየካቲት መጥተው ከመኪናቸው ሳይወርዱ ፎቶ አንስተው መሄዳቸውን አደንቃለሁ። ፎቶው ላይ ፓርኪንጉ ጢም ብሏል፣ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ እሳቸውም ገበያው ደርቷል ብለው ጻፉ። ያ ቀን እኮ የወልዴ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነበር! ወልዴ ከሱቆቹ በአንዱ ቴሌቪዥን የሚጠግን ተከራዬ ነበር። የቤተሰቡ አፓርትመንት ስለጠበበ፣ ማናጀሩም ጫጫታ በዛ እያለ ስላስቸገረ፣ ከባዶዎቹ ሱቆች አንዱን ከፍቼ ወንበር ደረደርኩ፤ ከቤድፎርድም ከሌዊስቪልም ለቀስተኛው ጎረፈ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱት ሴቶች ምን ሊገዙ የተሰለፉ መስሏችሁ ነው?

ሁለተኛ፦ አቤቱታዬን ልትሰሙ በቀጠራችሁኝ ቀን ይህንኑ ላስረዳ ብሞክር፣ ከእናንተ አንዱ በፈገግታ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ካለኝማ ግምቱ ከዚህም ሊጨምር እንደሚችል አስታወሱኝ። ከእኔ ቀድመው የገቡት፣ መሃል ከተማ የመስታወት ፎቅ ያላቸው ባለሀብት ግን፣ ግማሹ ፎቅ ባዶ መሆኑን በጠበቃቸው አፍ አስነግረው፣ ተቀንሶላቸው ወጡ። ለካ ባዶ ቤት ባዶ የሚሆነው ጠበቃ ሲመሰክርለት ነው።

የምለምናችሁ ማሻሻያ ቀላል ነው፤ የንግድ ሕንፃ ግብር በእውነት በሚሰበሰበው ኪራይ ይገመት፤ ገማቹም ከመኪናቸው ይውረዱና በር ያንኳኩ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን ትሕትናዬ ያልቅብኛል። በሊዙ፣ ማለትም በኪራይ ውላችን መሠረት፣ ግብር ሲጨምር ሸክሙ የሚወድቀው በተከራይ ላይ ነው፤ እኔም ለተከራዬ ልሸከም አቅም አጣሁ። የወልዴ ባለቤት እማዋይሽ የባሏን ሱቅ ልብስ መስፊያ አድርጋ ሁለት ልጆቿን ልታሳድግበት ነበር፤ የስፌት መኪናዋንም ተክላ ነበር። ባለፈው ዓርብ ነቅላ ወጣች። እስቲ በሞቴ፣ የሰው ለቅሶ እንደ ገበያ ተቆጥሮ ሐዘንተኛዋ ግብሩን ትክፈል የሚል ሕግ የት አገር አያችሁ? ኤጭ!

ለቀስተኛን ከገዢ ለማይለየው ዓይናችሁ ብርሃንን፣ ለማይነቃነቀው ወንበራችሁም ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣

ታዛዣችሁና፣ ያለኝ እስኪያልቅ ድረስ ግብር ከፋያችሁ፣
ጥዑመልሳን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእንግሊዝኛ ብነግራችሁ ስላልሰማችሁኝ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ሳታነቡት እንደምትጥሉትም አውቃለሁ። ግድ የለም። እማዋይሽ የጽዳት ሥራ አግኝታለች፤ ከሰኞ ጀምሮ የቢሯችሁን የቆሻሻ ቅርጫት የምትደፋው እሷ ናት፤ ይህን አንብቦ የሚገባው ሰው ቢኖር በመላው ሕንፃችሁ እሷው ብቻ ናት።