ጭቃ የሚያውቅ እጅ

ግንቦት 24 ቀን 1975፣ ረቡዕ

ዝናብ። ትናንት ያጠብኩት አንሶላ አልደረቀም። ከሳውዝ ሲ የተሳፈርኩበት ማታቱ ሞልቶ ስለነበር እስከ ከተማ ቆሜ ሄድኩ። እግሬ አሁንም ያመኛል።

ማዳም ኤሌና ከአገሯ ከሜክሲኮ ያስጫነችው ዕቃ ዛሬ ኪሊማኒ፣ የምሠራበት ቤቷ፣ ደረሰ። የአባቷ ወንበር፣ ሥዕሎች፣ በጭድ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ነገር። ከአትክልተኛው ከሙቱዋ ጋር ሆነን ስንፈታው… የሸክላ ምድጃ! ሆዱ እንደ እንስራ የተነፋ፣ ፊት ለፊት አፍ የተከፈተለት፣ ከላይ ረጅም አንገት ያለው። ጭሱ በአንገቱ ይወጣል። ጓሮ ይቀመጥና እሳት ይነድበታል፣ ሰው ዙሪያውን ይሞቃል። "ቺሚኔያ" ነው የሚሉት። ሽማግሌው አባቷ ናይሮቢ ከመጡ ወር ቢሆናቸው ነው፤ ብርዱ አልተስማማቸውም። ምድጃውን ሲያዩ ተነስተው ሆዱን ዳበሱት። ዘመድ ያገኙ ይመስል ነበር።

እኔም ሳላስበው በጥፍሬ መታ አደረግኩት። ድምፁ ደፈን ያለ ነው። እሳት አልጠገበም።

እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። ማንም አላየኝም… አይመስለኝም።

ሰኔ 5፣ እሑድ

ከቸርች መልስ ምሳ። አብሬያቸው የምኖረው እትዬ ሙሉነሽ ጥሩ ሽሮ ሠርተው ነበር። ዘርይሁንም መጣ። የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ሞምባሳ መንገድ ላይ ጋራዥ ይሠራል። እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚቀርበው፤ ግሪሱ ግን ከጥፍሩ አይወጣም። ደስ ይለኛል ይሄ ነገሩ።

እሱ ሲሄድ እትዬ ጀመሩ።

"የወንድሜ ልጅ ስለሆነ አይደለም የምልሽ። ልጁ ጨዋ ነው።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"በስደት አገር ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ ባይኖርም፣ ዘር መጠየቁ አይቀርም። ዘመዶችሽ የት ናቸው?"

"ሸዋ።"

ሸዋ ሰፊ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስፋት ውስጥ ተደብቄ ኖሬያለሁ። ቀጨኔ ብል ይበቃል። ቀጨኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ጠይብ፣ ቡዳ… አንዱን ከጠሩት ሌላው ይከተላል። ወንድሜ ሲታሰር ከአዲስ አበባ ወጥቼ ሞያሌ ድረስ በእግርም በመኪናም ስመጣ፣ አንዱ የቀለለኝ ነገር የማያውቁኝ ሰዎች መሃል መግባቴ ነበር። እናት ትታ ለመጣች ሴት ይሄ ይባላል? ግን እውነት ነው።

ሰኔ 17፣ ዓርብ

መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ምድጃው አራት ቀን ካፊያ ላይ ውሏል። ጠዋት ስነካው ውኃ ጠጥቷል። አፈሩ ከብዷል። ከሰዓት ሽማግሌው ብርድ ልብስ ተከናንበው ጓሮ ወጡ፤ ሙቱዋ አዘነላቸውና የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥቶ እስከ ጉሮሮው ሞላው። ክብሪት ሊጭር ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተው! መጀመሪያ ይድረቅ። ከሥሩ አሸዋ አድርግበት። በጭራሮ፣ በትንሽ በትንሹ አሙቀው…

ግን እህተማርያም አጠገቤ ቆማለች። ጎረቤት ግቢ ምግብ የምታበስለው፣ ቸርች አብረን የምንሄደው። ሽንኩርት ልትበደር መጥታ። "አንቺ ደግሞ ሸክላ ከየት ታውቂያለሽ?" ብትለኝስ?

ዝም አልኩ። ገብቼ ድንች መላጥ ጀመርኩ።

ከዚያ ጓ! አለ። ሮጬ ስወጣ ከአፉ እስከ አንገቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግማሹ ሣር ላይ። አንድ ስባሪ በሽማግሌው ብርድ ልብስ ላይ ወድቋል። ደኅና ናቸው፣ አልተጎዱም። ግን ስባሪውን ይዘው አላስቀምጥ አሉ።

ሰኔ 18፣ ቅዳሜ

ማዳም ሙቱዋን አባረረችው። "አባቴን ልትገድልብኝ ነበር" አለችው። እዚያ ግቢ ከእሷ በፊት የነበረ ሰው ነው፣ ስድስት ዓመቱ። ሦስት ልጆች አሉት። አልተከራከረም። የሥራ ካፖርቱን አጣጥፎ ደረጃው ላይ አስቀመጠና እኔን ሊሰናበት ወደ ኩሽና መጣ።

"ፖሌ" አልኩት፤ በስዋሂሊ አይዞህ እንደ ማለት ነው።

ፖሌ። ሁለት ፊደል። ያወቅኩትን ሁሉ በሁለት ፊደል ዋጥኩት።

ሌሊቱን እናቴን አሰብኩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ጓደኛዬ ቤት ውኃ ጠጥቼ እናቷ ኩባያውን ደጅ ስትወረውረው አየሁ። አልቅሼ ለእናቴ ነገርኳት። ጭቃ እያሸች ነበር፣ ቀና አላለችም። "ኩባያውንም የሠራው ሰው ነው" አለችኝ። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ንዴት ነበር? ወይስ ኩራት?

ሰኔ 20፣ ሰኞ

ነገርኳት።

ማዳም ለሥራ ልትወጣ ቁልፏን ስትፈልግ በሩ ላይ ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ።

"ጥፋቱ የሙቱዋ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የኔ። ምድጃው እርጥብ እንደነበር አውቄያለሁ። እንደሚፈነዳም አውቄያለሁ። ዝም አልኩ።"

"አንቺ እንዴት ልታውቂ ትችያለሽ?"

"እናቴ ፖተር ናት። እኔም ነኝ።"

በእንግሊዝኛ ምንም አይከብድም። ፖተር። ዝም ብሎ ከአፍ ይወጣል፣ ሰው ፊት ላይ የሚቀይረው ነገር የለም። ማዳም ግን ተናደደች። "እና ሰው ሥራውን ሲያጣ ቆመሽ አየሽ?" አዎ። ምን ልበል? አዎ።

"ሌላ እሠራልዎታለሁ። እሱን ይመልሱት" አልኳት።

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ጠየቋት፤ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ተነስተው መጡና እጄን ያዙ። መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ አውራ ጣቴን ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ለልጃቸው አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሉ አላውቅም። ማዳም ግን ቁልፏን አነሳች፣ ቢሮ ከመሄዷ በፊት ሙቱዋ ቤት ሄዳ ራሷ ይቅርታ ጠየቀችው።

ለሱም የነገርኩት እኔው ነኝ። ከሰዓት ወደ ሥራ ሲመለስ። "ለምን ፈራሽ?" ብቻ አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ… በስዋሂሊ ይሄን ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

ሰኔ 25፣ ቅዳሜ

ማቻኮስ፣ የሙቱዋ አገር። ጥሩ የሸክላ አፈር ያለው እዚያ ነው አለኝ። "እናቴ ድስት ትሠራለች።" አውቶቡስ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰው መሃል፣ ድምፁን ሳይቀንስ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ዞር አላለም። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም የእናቱን ስም ጠይቃው "ጎበዝ ናቸው፣ የሳቸው ድስት እኔም ቤት አለ" አለች።

መስኮቱን እያየሁ አለቀስኩ።

እናቱ ቀጭን ናቸው፣ ቁጡ። አንድ ቋንቋ የለንም። አፈሩን ዘንቢል ሙሉ አሳዩኝ፤ ቀምሼ አየሁት፣ ጥሩ ነው። የተሰበረውን ምድጃ ስባሪ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ወቅጠን ገሉን ከጭቃው ጋር ለወስነው፤ እሳት እንዲችል። ውኃ ሳበዛ እጄን ቸብ አደረጉኝ። ልክ እንደ እናቴ! ሳቅን። እስከ ማታ አሽተን በጆንያ ይዘን ተመለስን።

አምስት ዓመት ጭቃ አልነካሁም ነበር። ጣቴ ግን አልረሳም።

ሐምሌ 1፣ ዓርብ

ምድጃው ቆመ። ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለልኩ፣ እየደራረብኩ፣ በሦስት ቀን። አንገቱ ሁለቴ ወደቀብኝ። አፉን ስከፍት ሽማግሌው ወንበራቸውን አምጥተው ተቀመጡ፣ በእጃቸው "ሰፋ አድርጊው" ይላሉ።

እህተማርያም መጣች። ክንዴ ድረስ ጭቃ ነኝ።

"ፋንቱ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ምድጃ እየሠራሁ።"

"ማን አስተማረሽ?"

ልዋሽ እችል ነበር። ሽማግሌው ናቸው ብል ታምነኝ ነበር።

"እናቴ።"

የመጣችበትን ሳትነግረኝ ተመለሰች።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ወሬው እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ ደርሷል። ምሳ በላን፣ ግን ለየብቻ። የሻይ ብርጭቆዬ መስኮቱ ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

"እኔ ጌታን የማምን ሴት ነኝ" አሉኝ። "እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም።"

"እሺ እትዬ።"

"ግን ለምን ደበቅሽኝ? ከሞያሌ ስትመጪ በሬን የከፈትኩልሽ እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያስ?"

መስኮቱን አየሁት። እሳቸውም አዩት።

ዘርይሁን ለምሳ አልመጣም።

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ

ዘርይሁን ማታቱ ፌርማታ ላይ ጠበቀኝ።

"እኔ ግድ የለኝም፣ ታውቂያለሽ። ዘመቻ በሄድኩበት ጊዜ ገበሬውን ከጠይቡ ጋር አንድ ማኅበር ያስገባሁት እኔ ነኝ እኮ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ… ቤተሰብ አለ። ልጅ ይመጣል። ጊዜ ስጪኝ።"

"ውሰድ" አልኩት።

ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ማታቱ ውስጥ ግን የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩት። እወደዋለሁ። ይሄንን ለማንም አልነገርኩም፣ ለሱም።

ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ

ምድጃው በእሳት ተተኮሰ!

የሙቱዋ እናት ለዚሁ ብለው ከማቻኮስ መጡ። ማዳም ለጎረቤቶች ጭስ ይኖራል ብላ ነገረች። ምድጃውን ከሩቅ እያሞቅን፣ እያቀረብን፣ ከዚያ ኩበትና እንጨት ከመርንበት። አዛውንቷ እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን። መቼ እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚተው። ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ማዳም ሳንድዊች ይዛ መጣች፣ ሽማግሌው አመድ ላይ ምራቃቸውን ትፍ አሉ። አገራቸው እንዲህ ያደርጉ ይሆን?

ሲቀዘቅዝ አመዱን ገለጥን። በአንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ግን ሙሉ ነው። በጥፍሬ መታሁት። ጠራ ያለ ድምፅ።

ሙቱዋ እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው፣ እንዳሸነፈ ቦክሰኛ። እናቱ ገሰጹት።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

ለዐሥር ቀን በጭራሮ ብቻ አለማመድኩት። ዛሬ እንጨት ገባበት። ሥሩ አሸዋ፣ ላዩ ትንሽ እሳት። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። ማዳም ከቢሮ እንደመጣች ቦርሳዋን ሳትጥል ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ሙሉነሽ! ኪሊማኒ መጥተው አያውቁም። ሁለት ማታቱ ቀይረው፣ ነጠላቸው ተጣሞ።

ወንበር አመጣሁላቸው። እሳቱን እያዩ ብዙ ቆዩ።

"አንድ ወር ሙሉ ጸሎት አልወጣ አለኝ" አሉ። "እንበረከካለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ያ ብርጭቆ ይመጣብኛል።"

አመድ ውስጥ ድንች ቀብሬ ነበር፣ አወጣሁ። ትኩስ ነው። በእጄ ላጥኩት፣ ጣቴ ጥቁር ነው። ልስጣቸው? ሳህን ላምጣ?

እጃቸውን ዘረጉ። መሃል ላይ ቆም አለ፣ አየሁት። ልማድ ከሰው አጥንት ውስጥ በአንድ ቀን አይወጣም፤ አልፈርድባቸውም። ተቀበሉኝ፣ በሉ።

"ጨው ይጎድለዋል" አሉ።

ማዳም ለምን አብረን እንደምናለቅስ አልገባትም።

ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ

የማዳም ጓደኛ፣ ዌስትላንድስ የምትኖረው፣ ለሷም ምድጃ እንድሠራላት ጠየቀች። ማዳም የጓሮውን ዕቃ ቤት ለቀቀችልኝ። ከሰዓት ከሰዓት ጭቃ። ሙቱዋ መደርደሪያ ሠራልኝ።

ከዘርይሁን ምንም የለም። ዛሬ ጋራዡ በር ላይ አየሁት፣ እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ያማል። ግን እንደ ሐምሌው አይደለም፤ ማታቱው አለፈ፣ እኔም ስለ አዲሱ ምድጃ አንገት ውፍረት ማሰብ ጀመርኩ።

ነሐሴ 12፣ ሐሙስ

የስደተኛ ወረቀት የማሳደሻ ቀን። ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር አብረን ሄድን። ሰልፉ ረጅም፣ ግማሹ የኛ ሰው። ከኋላችን የቸርች ሰዎች፣ እህተማርያምም አለች።

ተራዬ ደረሰ። ጸሐፊው የድሮውን ወረቀት አየና "ሥራ? አሁንም የቤት ሠራተኛ?" አለኝ በስዋሂሊ።

"አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ ምን?"

የኋላዬ ወሬ ዝም ያለ መሰለኝ። አንድ ቃል አልኩ፣ ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም።

"ምን? አልሰማሁም።"

እትዬ ሙሉነሽ ከጎኔ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አሉ። ከኔ ይልቅ ስዋሂሊ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። "ምፊኛንዚ ናት" አሉት። "ጎበዝ ምፊኛንዚ።" ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሩ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ሸክላ ሠሪ ናት ማለቴ ነው። አብራኝ ነው የምትኖረው፣ አብረን ነው የምንበላው።"

አንድ ሰውዬ አጉረመረመ። እህተማርያም ዓይኗን ሰበረች፣ ከዚያ መልሳ አየችኝ።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ከኔ መስማት ነበረበት፣ ወረቀቱ የኔ ነው።

"ሸክላ ሠሪ" አልኩ። በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ በስዋሂሊ ደገምኩለት።

ጻፈ። ማኅተም አደረገበት። ቀለሙ እንዳይበላሽ እስከ ደጅ ድረስ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ።