አይጦቹ እንዴት አደሩ

ሰኞ

አፌ አላረፈም። ለብዙነሽ ነገርኳት።

ለመጽሔቱ የጤና ገጽ ወሬ ስለቃቅም ነው ያገኘሁት። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ለጡት ካንሰር አዲስ መድኃኒት ሠርተው አይጦች ላይ ሞከሩት፤ የአይጦቹ እብጠት ሟሸሸ፤ አሁን ሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ እየጠየቁ ነው። ወዲያው እታበባን አሰብኩ። ታላቅ እህቴ ናት። ሽሮ ሜዳ ባሏ ይሸምናሉ፣ እሷ ትፈትላለች። ከክረምት ጀምሮ ኬሞ ላይ ናት። ከሸጎሌ ስመለስ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ጎኔ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጎረቤቷ ብዙነሽ። እንዴት ዝም ልበል?

«አይጥ» ብያለሁ። እምላለሁ፣ ብያለሁ። ብዙነሽ ግን ከወሬ መጨረሻውን እንጂ መሀሉን አትይዝም። እኔስ ከእሷ በምን እሻላለሁ?

ማክሰኞ

እታበባ ቤት ስደርስ እልልታ። ሦስት ሴቶች፣ አንድ ሳህን ጨጨብሳ፣ ከቁስቋም የመጣ ጠበል። እታበባ አንገቴን አቅፋ «መድኃኒቱ ወጣ አይደል?» አለችኝ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ያላልኩበት ምክንያት፦

አንደኛ፣ ጨጨብሳውን እየበላች ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሁለተኛ፣ ሻሿን አውልቃ «ጸጉሬ ሲበቅል ሹሩባ የምትሠሪኝ አንቺ ነሽ» ትላታለች ብዙነሽን።

ሦስተኛ፣ ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ

በቃ፣ ነገሩ ከበደ። እታበባ ለዓርቡ ኬሞ አልሄድም አለች። «ይሄኛው አፌን አቆሰለው፣ ጣቴን አደነዘዘው፣ ክር መያዝ አቃተኝ። አዲሱ እስኪመጣ ሰውነቴ ይረፍ።»

ለሐኪሟ ደወልኩ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚሞከረው ጥቂት ሰዎች ላይ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል አለችኝ። «አሁን የምትወስደው ግን እየሠራላት ነው። እብጠቱ ቀንሷል። እንዳታቋርጥ።»

እታበባ በር ድረስ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። በአንዱ ምልልስ ቲማቲም ገዛሁ። ቤቴ ቲማቲም ሞልቷል።

ሐሙስ

ነገርኳት። ባሏ ጋሽ ማርቆስ ሽመናቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ እሷ አጠገባቸው ጥጥ ታባዝታለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ የሐኪሟንም ቃል።

ጥጡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «እና እልል ያልነው ለአይጥ ነው?» አለች።

«ለአይጥ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «አንቺ ድሮም ላሚቱ ሳትወልድ ለጥጃው ስም የምታወጪ ነሽ» አለችኝ። ይገባኛል። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ «አይጥ ካዳነ ታዲያ ለእኔ ለምን አይሰጡኝም? ነገ ይስጡኝ» አለች።

ጋሽ ማርቆስ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። የጨንቻ ሰው ናቸው፣ ቃል አያባክኑም። «የዚያችን ሙሽራ ቀሚስ ረሳሽው?» አሏት።

እኔ ታሪኩን አላውቀውም ነበር። እንደተጋቡ ሰሞን ገበያው ላይ አዲስ ቀይ ክር መጣ። ቸኩለው አንዲት ሙሽራ ያዘዘችው ነጭ ቀሚስ ላይ ጥለት አደረጉት። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ለቀቀና ቀሚሱ እንዳለ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም ሲመጣ መጀመሪያ ብጣሽ ላይ ይሸምኑታል፣ ያጥቡታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ደግመው ያጥቡታል። ካልለቀቀ ብቻ ቀሚስ ላይ ይገባል።

«አይጥ ላይ አልለቀቀም፤ ጥሩ ነው» አሉ። «ሰው ግን ሌላ ጨርቅ ነው።»

እታበባ ያባዘተችውን ጥጥ መልሳ አነሳች። «ብጣሹ ታዲያ ማን ነው? መጀመሪያ የሚሞከርበት ሰው?»

ጋሽ ማርቆስ የተዘረጋውን ክር በጣታቸው ዳሰሱ።

«ተራው ከደረሰ እኔን ይሞክሩኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔ ባይሆን ለእነብዙነሽ ልጆች ይሆናል።»

«እስከዚያ መቆየት አለብሽ» አሉ ጋሽ ማርቆስ። ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር መሰለኝ። መወርወሪያውን አነሱና በተሳሳተ በኩል አሳለፉት። ሠላሳ ዓመት የሸመኑ ሰው።

ዓርብ

ሄደች። ሄድን።

ጣቷ ቢደነዝዝም እንዝርቷን በቦርሳ ይዛ መጥታለች። አንድ እጇ መርፌ ላይ ስለሆነ እኔ ልፍተል አልኩ። የፈተልኩትን በሁለት ጣቷ ይዛ «ይሄ ክር ነው ወይስ የበግ ገመድ?» አለችኝ። ነርሷ እየሳቀች አለፈች።

አጠገቧ የተኛች ሴት አዲስ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምታ ኖሮ ጠየቀቻት። ቀድሜ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። እታበባ ግን ረጋ ብላ «አይጥ ላይ ሠርቷል። ሰው ላይ ገና ነው፣ ፈቃድ እየተጠበቀ ነው። አንቺ ይሄንን እንዳታቋርጪ» አለቻት። መሀሉን አልዘለለችም። ከቤታችን ጋዜጠኛ መሆን የነበረባት እሷ ናት።

ቅዳሜ

በጠዋት ደወለች። ሲያቅለሸልሻት አድሯል፣ ድምፅዋ ቀጥኗል። እንዴት አደርሽ እንኳ አላለችኝም።

«አይጦቹ እንዴት አደሩ?»

ስልኬን ከላይ እስከታች ፈተሽኩት። ፈቃድ አልተሰጠም፣ አልተከለከለም። አንድ ጥሩ ነገር ጣል ማድረግ እችል ነበር፤ ወሬ ማሳመር እንጀራዬ ነው።

«ምንም አዲስ ነገር የለም፣ እታበባ» አልኳት።

ከጀርባዋ የጋሽ ማርቆስ ሽመና ኳ፣ ኳ ይላል።

«ይሁን» አለች። «እኛም አድረናል።»